ወፍራም አረፋ ከርካሽ ሳሙና

ርካሽ የጢም ሳሙና ገዝቶ አረፋው ፊቱ ላይ ሳይቆይ የሚሟሽሽበት ሰው ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ላይ ያሳርፋል፤ ወይ በሳሙናው ርካሽነት፣ ወይ በውሃው። ሁለቱም ክሶች መሠረት አላቸው፤ ግን ሁለቱም ከሚገባቸው በላይ ተጋነዋል። በጋሞ ዞን ደጋም ሆነ ቆላ፣ ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ፣ ተራ የጢም ሳሙና ጢምን የሚያለሰልስና ምላጭን የሚያንሸራትት አረፋ ለመስጠት በቂ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የሚጎድለው በአብዛኛው ከሳሙናው ላይ የሚነሳው መጠንና ውሃው የሚጨመርበት አካሄድ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ፊቱን በየጊዜው በምላጭ የሚነካ ሰው ሁሉ ውጤቱን በቆዳው ላይ ያገኘዋል፤ የሚያቃጥል ጉንጭ፣ የተቧጠጠ አንገት፣ በማግስቱ የሚወጣ ሽፍታ። ችግሩን ለማቃለል ውድ ዕቃ መግዛት እንደማያስፈልግ ማወቅም ለኪስ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ሳሙናው ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ሳሙና ስብ ወይም ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነገር ነው። የስብን ውስጣዊ አሠራር በመጀመሪያ በሥርዓት የገለጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሲሆን፣ ስለ እንስሳት ስብ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1823 እ.ኤ.አ. ነው። ሼቭረል ስብ ከተለያዩ አሲዶችና ከግሊሰሪን የተሠራ መሆኑን አሳየ፤ ከእነዚህ አሲዶች አንዱ ደግሞ በከብት ሞራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ ነው። የጢም ሳሙና ምስጢር በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ያለው። ከኮኮናት ዘይት የሚገኘው ሳሙና ወዲያው ትልልቅ አረፋ ያወጣል፤ ግን አረፋው ፈጥኖ ይፈነዳል። ከስቴሪክ አሲድ የሚገኘው ደግሞ ለመነሳት ዘገም ይላል፤ ከተነሳ በኋላ ግን እንደ ክሬም ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ፣ ቶሎ የማይወርድ አረፋ ይሆናል። አልካሊውም የራሱ ድርሻ አለው። በሶዲየም የተሠራ ሳሙና ጠንካራ ነው፤ በፖታሲየም የተሠራው ግን ለስለስ ያለና በውሃ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ ነው። የገላ ሳሙና በአብዛኛው የሶዲየም ሳሙና ነው። የጢም ሳሙና ግን ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ስቴሪክ አሲዱም ከፍ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ግሊሰሪን ይጨመርበታል። ስለዚህ በመጠቅለያው ላይ በተጻፈው ዝርዝር መጀመሪያ አካባቢ ፖታሲየምና ስቴሪክ አሲድ የሚሉ ቃላት ካሉ፣ ሳሙናው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ይዟል።

እዚህ ላይ ዋጋ ምን እንደሚጨምር መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞራ፣ የፓልም ዘይት፣ የኮኮናት ዘይትና ስቴሪክ አሲድ በዓለም ገበያ ላይ ውድ የሚባሉ ጥሬ ዕቃዎች አይደሉም። በውድ ሳሙና ላይ ተጨማሪው ገንዘብ በአመዛኙ የሚከፈለው ለሽቶው፣ ለዕቃው ማማርና ለስሙ ነው። ሽቶ የሚወድ ሰው ቢከፍልበት መብቱ ነው፤ አረፋው ግን ከሽቶው አይመጣም። አርኮ የተባለው የቱርክ የጢም ሳሙና ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በሞራ የተሠራ፣ በዱላ መልክ የሚሸጥና በጣም ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ ከእጥፍ ድርብ ውድ ሳሙናዎች ጋር በአረፋው ሲወዳደር ኖሯል። በሌላው ጫፍ ግን ርካሽነት የሚጎዳበት ቦታ አለ፤ እሱም የልብስ ሳሙናን ለፊት መጠቀም ነው። የልብስ ሳሙና ለቆሻሻ ማስለቀቂያ ተብሎ ሶዳና ሌሎች ነገሮች ስለሚጨመሩበት አልካሊነቱ ከፍ ይላል። የዱቄት ማጠቢያውማ ጭራሽ ለፊት አይነሳም። የጢም ሳሙና ካልተገኘ የገላ ሳሙና ይሻላል፤ አረፋው ቶሎ ስለሚወርድ ግን አንዱን ጉንጭ እየላጩ ሌላውን እንደገና መቀባት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ ከባዱ ክስ የሚቀርበው በእሱ ላይ ነውና። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ በኬሚስትሪ ትምህርት ጠንካራ ውሃ ይባላል። ሳሙና በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተወሰነው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ነጫጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩም አረፋ አያወጣም። የዝናብ ውሃ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሳሙና በእሱ ወዲያው አረፋ ያወጣል። ያው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ በድንጋይ መካከል ረጅም ጊዜ ሲጓዝ ግን ማዕድን እየለቀመ ይሄዳል። በጋሞ ዞን ይህ ጉዞ በዓይን የሚታይ መልክዓ ምድር አለው። በጉጌ ተራራና በጨንቻ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ መሬት ሰርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከገደሉ ግርጌ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ፣ የአርባ ምንጭ ከተማ የምትጠጣቸው ምንጮች ይፈልቃሉ። ደጋ ላይ ከጣራ የተጠራቀመ ውሃና ሸለቆ ውስጥ ከመሬት የወጣ ውሃ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖራቸው አይጠበቅም። ውሃ በተደጋጋሚ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ በውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ውሃው ካልሲየም እንዳለበት ቤት ውስጥ የሚታይ ማስረጃ ነው።

ይህን በቁጥር መለካት ይቻላል፤ መለኪያውም ራሱ አረፋ ነው። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ክላርክ በ1841 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ፣ የሳሙና ብጥብጥ በጠርሙስ ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይናጣል፤ አረፋው አምስት ደቂቃ ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ የፈጀው ሳሙና የውሃውን ጥንካሬ ይናገራል። ቀላሉን ዓይነት ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች፣ በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ፣ እኩል እኩል ሞልቶ፣ እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ጨምሮ፣ እኩል መናጥ ብቻ ነው። የውሃ ትምህርት ለአርባ ምንጭ እንግዳ አይደለም። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ ይህ ሙከራ ደግሞ ያለ ላቦራቶሪ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሆን ነው።

ነገር ግን የውሃው ክስ የሚፈርሰው ልክ እዚህ ቁጥሩ ላይ ነው። በአንድ ሊትር 200 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያህል ጥንካሬ ያለው ውሃ እንውሰድ፤ ይህ ጠንካራ የሚባል ውሃ ነው። እያንዳንዱ ሊትር ወደ ዝቃጭ የሚለውጠው ሳሙና በስሌት 1.2 ግራም ገደማ ነው። ልብስ የምታጥብ ሴት ሃያ ሊትር ውሃ በሳፋ ብትሞላ፣ ገና አረፋ ሳይታይ 24 ግራም ሳሙና ይጠፋባታል፤ የመቶ ግራም ሳሙና ሩብ ማለት ነው። እሷ ውሃውን ብትወቅስ ፍጹም ትክክል ናት። ጢም የሚላጭ ሰው ግን አረፋውን የሚመታው ቢበዛ በ20 ሚሊሊትር ውሃ ነው። ይህ ውሃ የሚያጠፋበት ሳሙና 0.025 ግራም፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላ ነው። ብሩሹ ላይ አንድ ግራም ሳሙና ከተነሳ፣ ውሃው የወሰደው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉን ነው። ጥንካሬው እጥፍ ቢሆንም ከመቶ አምስት አይበልጥም። በሳፋው ላይ እውነት የሆነው ነገር በፊት ላይ እውነት አይደለም፤ ውሃው መጥፎ ስም ያተረፈው በልብስ አጠባ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ብቻ ወደ ጢም መላጫው ተሻገረ። ይልቅስ ጠንካራ ውሃ የሚያስቸግረው በመጨረሻው እጥበት ላይ ነው፤ ፊት ላይ የቀረ ሳሙና ከብዙ ውሃ ጋር ሲገናኝ ዝቃጩ በቆዳና በብሩሽ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ደግሞ ደጋግሞ መታጠብ ይገባል። የአባያ ሐይቅ ውሃ የተለየ ጉዳይ ነው። ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበትና አልካላዊ ስለሆነ በጥንካሬ አይከሰስም፤ ቀይ ያደረገው ደለል ግን ለፊት አይመረጥም።

ውሃውም ዋጋውም ነፃ ከወጡ ጥፋቱ የቱ ጋር ነው? በእኔ አስተያየት በአብዛኛው ሳሙናው በበቂ መጠን ስለማይነሳ ነው። እርጥብ ብሩሽን በሳሙናው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክሮ ወደ ፊት መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚነሳው ቀጭን ነገር ውሃና ትልልቅ አረፋ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ይወርዳል። ትክክለኛው መንገድ ብሩሹን ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ውሃ አርሶ፣ ከመጠን ያለፈውን ውሃ አራግፎ፣ ሳሙናው ላይ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ማሽከርከር ነው። በዚህ ጊዜ በብሩሹ ጫፍ ላይ የሚታየው አረፋ ሳይሆን ወፍራም፣ ሊጥ የመሰለ ነገር መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የሚጨመረው፤ በጠብታ፣ እየመቱ። ልክ የቡላ ገንፎ ሲገነፋ ውሃው በአንዴ ከተጨመረ እንደሚጓጉል፣ አረፋውም በአንድ ጊዜ ውሃ ከፈሰሰበት ይላላል። ጥቂት ጠብታ ጨምሮ መምታት፣ እንደገና ጨምሮ መምታት፤ መጀመሪያ ደረቅ የነበረው ሊጥ መሳይ ነገር ቀስ በቀስ እየለሰለሰ፣ እያበራ፣ ጫፉን ሲስቡት እየተጎነበሰ ይመጣል። የሚያበራ ገጽታና ዓይን የማይለየው ደቃቅ አረፋ ሲገኝ ደርሷል። ብሩሽ የሌለው ሰው ሳሙናውን በእርጥብ ጢሙ ላይ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ አሽቶ በጣቶቹ ሊመታው ይችላል፤ አየር ያነሰ ቢሆንም ሳሙናው በበቂ መጠን ይነሳል፤ በዱላ መልክ የሚሸጠው ሳሙናም የተሠራው ለዚሁ ነው።

የዞኑ ሁለት አየሮች በዚህ ሥራ ላይ የተለያየ ፈተና ያቀርባሉ። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከእሷ ወደ አርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። በጨንቻ ማለዳ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የስቴሪክ አሲድ ሳሙና ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም፣ እንደ ሰም ይቀራል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠቀም ሰው «ሳሙናው አረፋ አያወጣም» የሚለው። ጥቂት ሞቅ ያለ ውሃ በብሩሹ ላይና በጢሙ ላይ መጠቀም በደጋ ቅንጦት ሳይሆን የኬሚስትሪ ግዴታ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ራሱ ሳሙናውን ይረዳል፤ ግን አረፋው በፊት ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀ አረፋ ደግሞ ምላጭን ይይዛል። ስለዚህ ቆላ ላይ አረፋው ከደጋው ይልቅ ቀጠን ያለ፣ ውሃ የበዛበት መሆን አለበት፤ አንገቱን ሳይደርሱ ከደረቀ በእርጥብ ብሩሽ እንደገና ማደስ ያስፈልጋል። በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሳሙና፣ በሁለት ወረዳዎች መካከል የአረፋው ልክ እንዲህ ይለያያል።

አረፋ ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ልኩን ለማወቅ ይረዳል። ጢምን የሚያለሰልሰው በዋናነት ሳሙናው ሳይሆን ውሃው ነው። ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ምላጭ ሊቆርጠው የሚጠይቀው ጉልበትም በጣም ይቀንሳል፤ ይህ እንዲሆን ግን ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። የሳሙናው ሥራ በፀጉሩ ላይ ያለውን ቅባት አስለቅቆ ውሃውን ማስገባትና ከዚያም ውሃው ከፊት እንዳይሸሽ አረፋ ውስጥ ይዞ ማቆየት፣ ምላጩንም ማንሸራተት ነው። ትልልቅ አረፋ ውስጡ አየር ብቻ ስለሆነ ይህን ሁሉ አይሠራም። ስለዚህ የአረፋ ብዛት የጥራት ምልክት ነው ለሚል ሰው ሀገራችን ራሷ ጥሩ መልስ አላት፤ እንዶድ። የእንዶድ ፍሬ በውስጡ ባለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር የተነሳ ብዙ አረፋ ያወጣል፤ ካልሲየም እንደ ሳሙናው ወደ ዝቃጭ ስለማይለውጠው በጠንካራ ውሃም አይሸነፍም፤ የዶርዜ ሸማኔዎች እንደሚሠሩት ያለ ነጭ ሸማ በሀገራችን ለዘመናት የታጠበው በእሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው በሽታውን የመከላከል ምርምር አስጀመረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አረፋው እንዲያ የበዛው እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓይንና አፍንጫም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለፊት አይሆንም። አረፋ ማውጣቱ ብቻውን ስለ ገርነቱ ምንም አይነግረንም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ቶንዶስ እያለ፣ በቆርቆሮ የሚሸጥ ዝግጁ አረፋም እያለ ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ክርክሩ ሚዛን አለው። ጢሙ ጥቅልል የሆነ፣ ከተላጨ በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ እየገባ ሽፍታ የሚያወጣበት ሰው፣ ከሥሩ ከመላጨት ይልቅ በቶንዶስ ጥቂት ሚሊሜትር አስቀርቶ መቆረጡ የተሻለ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አረፋ መድኃኒት አይደለም፤ የሚረዳው ጭረትን በመቀነስ ብቻ ነው። በምላጭ መላጨት ለሚፈልግ ሰው ግን የቆርቆሮው አረፋ ከሳሙናው አይበልጥም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያ ላይ የዋለው ይህ ዓይነት አረፋ የተፈጠረው ለፍጥነት ነው፤ በጋዝ ግፊት ስለሚነፋ አየሩ ይበዛል፤ የውሃውን መጠንም ተጠቃሚው ሊወስን አይችልም። ደረቁን የአርባ ምንጭ ከሰዓት ወይም ቀዝቃዛውን የጨንቻ ማለዳ አይቶ ማስተካከል የሚችለው ሰው በብሩሹ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ ሲያልቅ ይጣላል፤ አንድ የጢም ሳሙና ግን ደርቆ ከተቀመጠ ለወራት ያገለግላል። እዚህ ላይ ስለ ሳሙና አልካላዊነት የሚነሳውን ስጋትም መመለስ ይገባል። የሳሙና ፒኤች 9 ወይም 10 አካባቢ ነው፤ የቆዳ ገጽ ደግሞ 5 ገደማ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን ሳሙናው ፊት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በብዙ ውሃ ታጥቦ ከሄደ የጤነኛ ሰው ቆዳ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቆዳው የሚደርቅበት ሰው ከተላጨ በኋላ አልኮል ከመቀባት ይልቅ ቅባት ቢቀባ ይመረጣል።

የብሩሹ ንጽሕና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ግን የበለጠ ክብደት አለው፤ ታሪክም ይደግፈዋል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመንና ጥቂት ቆይቶ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ከፈረስ ፀጉር የተሠሩና በአግባቡ ያልተቀቀሉ የጢም ብሩሾች አባ ሰንጋን ወደ ሰው አስተላልፈው ሰዎች ሞተዋል። ከብት የሚያረባ የጋሞ ገበሬ አባ ሰንጋ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ ብሩሽ የሚገዛ ሰው የናይለኑን ይግዛ፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከእንስሳ በሽታም ነፃ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ሰው የራሱን ብሩሽ ከተጠቀመ በኋላ አጥቦ አራግፎ ከሰቀለው አደጋው ትንሽ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ግን አንድን ብሩሽ ወይም አንድን የሳሙና ዱላ ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ማዘዋወር ተቀባይነት የለውም። ለየደንበኛው አዲስ ምላጭ መክፈት በኤችአይቪ ዘመን የተለመደ ትምህርት ሆኗል፤ ይህ ትምህርት ወደ አረፋውም መድረስ አለበት፤ የተቧጠጠ ቆዳ የነካ ብሩሽ የቆዳ በሽታን ይዞ መሄድ ይችላልና። መፍትሔው ግን ሳሙናውን ትቶ ወደ ቆርቆሮ መሄድ አይደለም። ባለሙያው ከሳሙናው ላይ ትንሽ ፋቅ አድርጎ በንጹሕ ኩባያ ውስጥ፣ በሞቀ ውሃ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃውን ብቻ ቢመታ፣ አረፋውንም በታጠበ እጁ ቢቀባ፣ ብሩሽም ዱላም የደንበኛውን ፊት አይነካም። ለአንድ ሰው አንድ ግራም ሳሙና እንደሚበቃ ካሰብን፣ ከመቶ ግራም ሳሙና መቶ ደንበኛ ያህል ይስተናገዳል፤ የተረፈውን አረፋ ለሚቀጥለው ሰው የሚያስቀምጥበት ምክንያትም አይኖረውም።